የይመኙሻል ካሜራና ያልተጠየቀው ዋጋ

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ላም ባይኖረኝም፣ በረት ባልሠራም፣ ተረት አላጣም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይመኙሻል የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። ችሎታዋንስ አትጠይቁኝ! ኮስታራውን ፈገግ ታሰኛለች፤ ሙሽራ ስታነሳ የሙሽራዋ እናት እንኳ «ይቺ የኔ ልጅ ናት?» ትላለች። ይመኙሻልም ሥራዋን ታውቀዋለች፣ ትኮራበታለች። የቀረባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካሜራዋን ከማንሳቷ በፊት «ስንት ነው?» የሚላት ሰው። በዚያ ሰፈር ሁሉም ዘመድ ነው፤ የሚከፍለውም በምርቃት ነው። ፎቶውን ይቀበላሉ፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። እጇ ከመባረክ ብዛት ሊያብጥ ምንም አልቀረው። የካሜራዋ ሌንስ ግን ተጭሮ አዲስ የሚገዛለት አጣ። ከደሴ የመጣ ነጋዴ «ካሜራውን ሽጭልኝ» እያለ ሲጨቀጭቃት፣ «ለሚቀጥለው ሠርግ ካልተከፈለኝ እሸጥልሃለሁ» አለችው።

የሚቀጥለው ሠርግ የልብስ ሰፊው የጋሽ እንድሪስ ልጅ ሠርግ ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ።

«ይመኙሻል፣ እሑድ ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ምሳሽንም እዚያው ትበያለሽ።»

«እመጣለሁ ጋሼ። ዋጋውን ግን አስቀድመን እንነጋገር።»

«የምን ዋጋ? አንቺ እኮ ልጄ ነሽ!» አሉ ደንግጠው። «ደግሞስ እኔን ማን ከፈለኝ? ዳቦ ጋጋሪዋ ወርቂት ቀሚስ አሰፍታ፣ እጅህ ይባረክ ብላ ሄደች። እሷ ለቀሚሱ ካልከፈለች እኔም ለፎቶው አልከፍልም።»

ይመኙሻል ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች።

«እትዬ ወርቂት፣ ለቀሚሱ ይክፈሉ፤ ጋሽ እንድሪስ ለፎቶው ይከፍሉኛል፤ ካሜራዬም ከእጄ አይወጣም።»

እትዬ ወርቂት ዱቄት የነካ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጫኑ። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ጥፋተኛዋ? አናጢው አበጋዝ ጠዋት ጠዋት ዳቦዬን ይወስዳል፣ እጅዎ ይባረክ ይላል፣ ይሄዳል። እሱ ለዳቦው ካልከፈለ እኔ ለቀሚሱ አልከፍልም፤ እኔ ለቀሚሱ ካልከፈልኩ እንድሪስ ለፎቶው አይከፍልሽም። በይ፣ ይቺን ትኩስ ዳቦ እየገመጥሽ ሂጂ።»

ይመኙሻል «እጅዎ ይባረክ» አለችና እየገመጠች ወደ አናጢው ሄደች። አያችኋት አይደል? እሷ ግን ራሷን አላየችም።

«አበጋዝ፣ ለዳቦው ክፈል፤ እትዬ ወርቂት ለቀሚሱ ይከፍላሉ፤ ጋሽ እንድሪስ ለፎቶው ይከፍሉኛል፤ ካሜራዬም ከእጄ አይወጣም።»

አበጋዝ መላጊያውን አስቀመጠ። «ለሹሩባ ሠሪዋ ለዘሀራ ወንበር ሠራሁላት። ዋንዛ ነው፣ ዋንዛ! የልጅ ልጇ ይቀመጥበታል። እጅህ ይባረክ ብላ ተሸክማው ሄደች። እሷ ለወንበሩ ካልከፈለች እኔ ለዳቦው አልከፍልም፤ እኔ ለዳቦው ካልከፈልኩ ወርቂት ለቀሚሱ አይከፍሉም፤ ወርቂት ለቀሚሱ ካልከፈሉ እንድሪስ ለፎቶው አይከፍሉሽም።»

ይመኙሻል ንዴቷ እየጨመረ ዘሀራ ቤት ደረሰች።

«ዘሀራ፣ ለወንበሩ ክፈይ፤ አበጋዝ ለዳቦው ይከፍላል፤ እትዬ ወርቂት ለቀሚሱ ይከፍላሉ፤ ጋሽ እንድሪስ ለፎቶው ይከፍሉኛል፤ ካሜራዬም ከእጄ አይወጣም!»

ዘሀራ ሳቀች። «እከፍል ነበር፣ እህቴ። ግን አንዲት ደንበኛ አለችኝ። በዓል በመጣ ቁጥር እዚሁ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጣቴ እስኪዝል እሠራታለሁ፤ እጅሽ ይባረክ ብላኝ ትሄዳለች። እሷ ለሹሩባው ካልከፈለች እኔ ለወንበሩ አልከፍልም፤ እኔ ለወንበሩ ካልከፈልኩ አበጋዝ ለዳቦው አይከፍልም፤ አበጋዝ ለዳቦው ካልከፈለ ወርቂት ለቀሚሱ አይከፍሉም፤ ወርቂት ለቀሚሱ ካልከፈሉ እንድሪስ ለፎቶው አይከፍሉሽም።»

«ምን ዓይነቷ ዓይን አውጣ ናት! ማናት? ንገሪኝና ሄጄ ልክ ላስገባት!»

ዘሀራ መስታወቷን አነሳችና ፊት ለፊቷ ያዘችላት።

ይመኙሻል አየች። ሹሩባው አንዱ ጉንጉን ከሌላው ሳይዛነፍ ተሰልፏል፤ እንዲህ ያለ እጅ በከተማው የለም። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ስለ ካሜራዋ ስትቆረቆር ስለ ዘሀራ ጣቶች አስባ አታውቅም ነበር። ለሌንሱ ያጠራቀመችው ብር ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጨበጠችው፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ጠየቀች።

«ዘሀራ፣ ሹሩባው ስንት ነው?»

የዘሀራ ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቀና አለች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ዋጋዋን ሳትንተባተብ ተናገረች። ይመኙሻልም አሁን ራሷ ላይ ላለውም ለቀድሞውም ከፈለች። ቦርሳዋ ባዶ ቀረ።

ከዚያማ ማን ያስቁመው! ዘሀራ «ወንበሩ ስንት ነው?» ብላ ለአበጋዝ ከፈለች፤ አበጋዝ «ዳቦው ስንት ነው?» ብሎ ለወርቂት ከፈለ፤ ወርቂት «ቀሚሱ ስንት ነው?» ብለው ለእንድሪስ ከፈሉ፤ እንድሪስም ሜትራቸውን እንዳንጠለጠሉ ይመኙሻል ደጃፍ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የሠርጉ ፎቶ ስንት ነው?»

ስትናፍቀው የኖረችው ጥያቄ! ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። ከዚያ ዋጋዋን ተናገረች። «የፈቀዱትን» አላለችም፣ መሬት መሬትም አላየችም።

«ወደድ ይላል» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስፌት ርካሽ ነው?»

«የኔ? በፍጹም!»

«የኔም ፎቶ እንደዚያው ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ከት ብለው ሳቁና ቀብዱን ከፈሉ። ይመኙሻል በመጀመሪያ ዳቦ ቤት ሄዳ እየገመጠች ለሄደችው ዳቦ ከፈለች፤ ቀጥሎ ሌንሷን ገዛች። እሑድ ዕለት ሙሽሪትን አነሳቻት፤ እናትየው ፎቶውን አይተው «ይቺ የኔ ልጅ ናት?» አሉ። ከዚያም «እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቋት። ይመኙሻል «አሜን» አለች፤ ይህን ጊዜ ምርቃቱ ጣማት። የደሴው ነጋዴ ሲመጣም ካሜራዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ጠበቀችው።

«አይሸጥም» አለችው። «ፎቶ መነሳት ከፈለግህ ግን ዋጋውን ጠይቀኝ።»

ተረቴ እዚህ አለቀ። አፌን በዳቦ የሚያብስልኝ ካለ ደስ ይለኛል፤ ዳቦውን ሲያመጣ ግን እትዬ ወርቂትን «ስንት ነው?» ይበላቸው።