የጦጢት ጉንጭ

ተረት ተረት፤ የሰማችሁ ላልሰሙት ንገሩ። በአንድ የዱር ትምህርት ቤት ለችግረኛ ልጆች ምሳ በነፃ ይሰጥ ነበር። ጦጢት ከንፍሮው ትንሽ ቀምሳ፣ የቀረውን ቤት ላሉት ታናናሾቿ በጉንጮቿ ትይዛለች።

ወደ ሁለተኛ ክፍል የሚያሳልፈው የንባብ ፈተና ከምሳ በኋላ ነበር።

«ጦጢት፣ ተነሺና አንብቢ» አላት መምህር ጉሬዛ።

ጦጢት ገጹን አጥርታ ማንበብ ትችላለች። አፏን ብትከፍት ግን ንፍሮው ይፈሳል፤ ብትውጠው ደግሞ ትንንሾቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ዝም አለች።

«መምህር፣ እሷ እኮ የምታውቀው መብላት ብቻ ነው!» አለች ጥንቸል።

«በነፃ እያበላናት!» አለ ጉሬዛ። «ማንበብ አትችልም» ብሎም ጻፈ።

በዓመቱ ጥንቸል ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጦጢት እዚያው አንደኛ ክፍል፣ ዘንድሮ ከጀመረው ወንድሟ ጎን ተቀመጠች። ከምሳ በኋላ የሁለቱም ጉንጭ ሙሉ ነው።