እመት አህያና አማካሪዋ

ተረት ተረት፣ ለሰሚው በረከት።

እመት አህያ ዕድሜ ልኳን የአያ ዝንጀሮን እህል ስትሸከም ደመወዟ አንድ እፍኝ ገለባ ብቻ ነበር። ከወንዙ ማዶ ለምለም ሣር እንዳለ ብትሰማም አገር መልቀቁ አስፈራት። ስለዚህ ከጆሮዋ ሥር የሚኖረውን መዥገር፣ «አያ መዥገር፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብላ አማከረችው።

«ምን ጎደለን ብለን ነው የምንሄደው? እዚህ ጠግበን እያደርን» አላት።

እመት አህያ ዞር ብላ የገጠጠ ጎድኗን አየች። «ማነው የጠገበው?» አለችና እየሳቀች ወንዙን ተሻገረች።

ማዶ ስትደርስ አንዲት ወፍ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ መዥገሩን ለቀም አደረገችው። እመት አህያም ሣሩን ከመጋጧ በፊት አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተንከባለለችበት፤ ማናፋቷ እስከ አያ ዝንጀሮ ደጅ ተሰማ።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ እናንተ ተሸከሙት።