ለክቡር ድረ ገጽ፣ ባሉበት

አንድ ታሪክ ከመነገሩ በፊት ይቅርታ ቢጠየቅበት ደንብ ነው። ይህኛው ደግሞ ከሌላው ሁሉ የባሰ ይቅርታ ያሻዋል፤ ማስረጃ አልተያያዘበትም፣ ማኅተም አላረፈበትም፣ ሲነገርም የሚጠቅመው ሰው የለም። ቢሆንም ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚጎረብጥ ነገር ነውና፣ ትልልቆቹን ይቅርታ ጠይቀን፣ ትንንሾቹን ጆሯችሁን ያዙ ብለን እንናገረዋለን።

በአንዲት የወረዳ ከተማ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ራፖር ጸሐፊ ማለት በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ተክሎ፣ ጉልበቱ ላይ ጣውላ አስደግፎ፣ የሰውን በደል በወግ በወጉ የሚጽፍ ሰው ነው። ጋሽ አድማሱ አርባ ዓመት ጽፈዋል። በእሳቸው ብዕር ስንቱ ርስቱን አስመልሷል፣ ስንቷ ቀለብ አስቆርጣለች። ዳኞቹ ሳይቀሩ የእሳቸውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር ያውቁት ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መስመር አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ቀን በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከጥቅምት አንድ ጀምሮ አቤቱታ በእጅ ተጽፎ አይገባም፤ በኮምፒውተር ብቻ ነው። በጃንጥላው ረድፍ ከተቀመጡት ጸሐፊዎች አንዱ ሎተሪ ማዞር ጀመረ፣ አንዱ ወደ ልጁ ዘንድ ሄደ፣ ሌላው ጃንጥላውን ለቲማቲም ሻጭ አከራየ። ጋሽ አድማሱ ግን ከመጻፍ በቀር በእጃቸው የሚያውቁት ሥራ አልነበረም። እስከ ጥቅምት ለብዕራቸው ሌላ ደጃፍ ካላገኙ፣ አርባ ዓመት የተማመኑባት እጅ ዝንብ ማባረሪያ ሆና መቅረቷ ነበር።

ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ምንትዋብ የምትባል የኮምፒውተር ጸሐፊ ይህን አይታ አዘነችላቸው።

«ጋሽዬ፣ ሰው ለጻፈው የሚከፍሉ ድረ ገጾች አሉ እኮ» አለቻቸው። «ቁጭ ብለው ይጽፋሉ፣ እነሱ ይለጥፉታል፣ ይከፍሉዎታል።»

«ምን ዓይነት በደል ነው የሚጻፈው?»

«በደል አይደለም። እንዲሁ… ስለ ነገር።»

«ስለ ነገርማ ማን ይችለኛል!» አሉና ወንበራቸውን ወደ እሷ ቤት ጎተቱ።

ምንትዋብ የአንዱን ድረ ገጽ የመግቢያ መስፈርት ከፍታ አነበበችላቸው። አመልካች በሌላ ተመሳሳይ ድረ ገጽ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት የጻፈ መሆን አለበት ይላል።

«ሌላኛውስ ምን ይጠይቃል?»

ፈልጋ አየች። «እሱም በሌላ ድረ ገጽ ሁለት ዓመት ይላል።»

«እንግዲያስ የመጀመሪያውን ሰው ማን አስገባው?»

«እሱ እዚህ አልተጻፈም፣ ጋሽዬ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይነሳ ነበር። ጋሽ አድማሱ ግን ራፖር ጸሐፊ ናቸው፤ ራፖር ጸሐፊ ደግሞ ክልከላ ሲያይ ምራቁን ይውጣል። በእሳቸው እምነት መስፈርት ማለት የሥር ፍርድ ነው፤ ይግባኝ አለው። ስለዚህ እዚያው ቁጭ ብለው «ለክቡር ድረ ገጽ፣ ባሉበት» ብለው ጀመሩ። «ጉዳዩ፦ እንድጽፍ እንዲፈቀድልኝ ስለ ማመልከት ይሆናል። እኔ አመልካች አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ሰው በደል ስጽፍ የኖርኩ ሆኜ ሳለሁ…» እያሉ ሁለት ገጽ ሞሉ። ለናሙና ይሆን ዘንድ በአንድ ወቅት ለእማማ አትጠገብ የጻፉትን፣ በጎረቤት የተገፋ የባሕር ዛፍ ድንበራቸውን ያስመለሰውን አቤቱታ አያያዙ። በመጨረሻም ቴምብር ገዝተው፣ በምላሳቸው አርሰው፣ ግርጌው ላይ ለጠፉበት።

«ቴምብሩ እኮ አያስፈልግም» አለች ምንትዋብ እየሳቀች።

«ያለ ቴምብር የገባ ነገር መልስ ይዞ ሲወጣ ካየሽ ሳቂብኝ።»

እንዳለ በፎቶ አንስታ ላከችላቸው። ስለ ልፋቷም ምንም አልተቀበለችም።

ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ። የሳቸው ልምድ ትልቅ እንደሆነ፣ ነገር ግን አመልካች ቢያንስ አምስት መቶ ተከታዮች ሊኖሩት እንደሚገባ ይገልጻል። ፊርማው «ቡድኑ» ይላል።

«የቡድኑ ሰብሳቢ ማን ይባላል?»

«አልተጻፈም።»

«እሺ፣ ተከታይ የሚባለው ምን ያደርጋል?»

«እርስዎ የለጠፉትን ያያል። ከወደደው አውራ ጣት ይሰጣል። ብዙው ሰው ሳያነብም ይሰጣል።»

«አውራ ጣት ብቻ?»

«አውራ ጣት ብቻ።»

«ልጄ፣ እሱማ ሞልቶናል!» አሉ ጋሽ አድማሱ።

ሦስት የገበያ ቀን በገበያው በር ተቀመጡ። የጣት አሻራ ቀለማቸውን ከፍተው፣ አርባ ዓመት የጻፉለትን ሰው ሁሉ እየጠሩ አስፈረሙ። መጀመሪያ የመጡት እማማ አትጠገብ ነበሩ።

«ምን ልታደርግበት ነው፣ አድማሱ?»

«ሰው አለኝ ለማለት ነው፣ እማማ።»

«ይህችን ነው? እኔ ዛሬ ቤቴ የማድረው አንተ በጻፍክልኝ ወረቀት አይደል እንዴ! ከፈለግህ አሥሩንም ውሰድ።»

«አንዷ ትበቃለች።»

አምስት መቶ ሁለት አውራ ጣት ተሰበሰበ። ሁለቱ፣ አንዱ ቢሰረዝ እንኳ እንዳይጎድል ብለው የጨመሯቸው ናቸው። ምንትዋብ ሃያ ስድስት ገጽ አሻራ አንድ በአንድ ቀድታ ላከች። ከላይ የእሳቸው ቃል አለ፦ «አመልካች ተከታይ እንደሌለኝ አልክድም። ምስክር ግን አለኝ።»

ሁለተኛው መልስ መስከረም ሊያልቅ ሲል መጣ። ስለ አሻራው አንድም ቃል አላነሳም። በመሣሪያችን ሲመረመር የላኩልን ጽሑፍ ዘጠና ሰባት በመቶ በማሽን የተጻፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ እኛ የምንቀበለው ሰው የጻፈውን ብቻ ነው ይላል። «ለፍላጎትዎ እናመሰግናለን። መልካም ዕድል እንመኝልዎታለን» ብሎ ይዘጋል።

ጋሽ አድማሱ መነጽራቸውን አወለቁ። በማሽን ምክንያት ከደጃፋቸው ሊነሱ ያሉት ሰውዬ ማሽን ነህ ተባሉ። መልሰው አጠለቁትና፣

«ሦስቱ በመቶ የቱ ነው?» አሉ።

«እንጃ» አለች ምንትዋብ። «ምናልባት ቀለም የፈሰሰበት ጋ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ሁላችንም አዝነን ወደየቤታችን በሄድን ነበር። ነገር ግን ወሬ እግር አለው። በከተማዋ ለካ ለድረ ገጽ ለመጻፍ ያመለከተ ወጣት ሞልቷል፤ አስተማሪው፣ የባንኩ ጥበቃ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የተቀመጠው ሁሉ። ለአንዳቸውም መልስ መጥቶላቸው አያውቅም። ጋሽ አድማሱ ግን ሁለት ጊዜ ተጽፎላቸዋል።

«ሁለት ጊዜ የተባረረ ሰው መንገዱን ያውቀዋል» ተባባሉ። ጥቅምት አንድ፣ አቤቱታ በእጅ መቀበል በቆመበት ቀን፣ በጃንጥላው ሥር ከፍርድ ቤቱ የረዘመ ሰልፍ ተሠራ። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ «ለክቡር ድረ ገጽ፣ ባሉበት» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ። ማንም እንዳልገባበት ያውቃሉ። ግን ያምራል።

የጋሽ አድማሱ እጅ ከመድረቅ ዳነች። እንዲያውም አላደርስ አለች። ሰልፉ በየቀኑ እየረዘመ ሲመጣ መላ ፈለጉ፤ ከመላ ሁሉ ደግሞ በቅርቡ ያዩት አንድ ነበር። ካርቶን ቀደው፣ በወፍራም ቀለም ጽፈው፣ ከጃንጥላው ብረት ላይ ሰቀሉት። ካርቶኑ ባለጉዳይ ሁሉ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ አመልክቶ የተመለሰበትን ወረቀት እንዲያቀርብ ያዛል። አንድ መቶ ምስክርም ይጠይቃል። ከግርጌው «ቡድኑ» ተብሎ ተፈርሟል።

ምንትዋብ ከቤቷ በራፍ ሆና አነበበችው።

«ጋሽዬ፣ ቡድኑ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።

በሳምንቱ እማማ አትጠገብ መጡ። ጎረቤታቸው የባሕር ዛፉን ድንበር እንደገና ገፍቶታል። ኮምፒውተር አያውቁም፤ አድማሱ ቃሉን ያሳምርልኝ፣ ልጅቷ በማሽን ትምታልኝ ብለው ነው የመጡት። ሰልፉን ቆመው ቆመው፣ ከቀትር በኋላ ተራቸው ደረሰ።

«የተመለሰብዎት ወረቀት ይዘዋል?» አሉ ጋሽ አድማሱ፣ ዓይናቸው ወረቀታቸው ላይ ሆኖ።

«የምን ወረቀት? እኔ ነኝ እኮ፣ አትጠገብ።»

«መስፈርቱ እዚያ ተሰቅሏል።»

«እኔ ማንበብ እንደማልችል አንተ ታውቅ የለ?»

ከኋላ የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። ጋሽ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአፋቸው የወጣው ድምፅ የእሳቸው አይመስልም ነበር፦

«ለፍላጎትዎ እናመሰግናለን። መልካም ዕድል እንመኝልዎታለን።»

እማማ አትጠገብ ወዲያው አልተቆጡም። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና አውራ ጣታቸውን ወደ እሳቸው ዘረጉ። ከጥፍሩ ጥግ ያ ሰማያዊ ቀለም ገና አልለቀቀም።

«አድማሱ» አሉ፣ «ይህችን ሰጥቼህ የለም? ያን ጊዜ እኔ ምን መስፈርት ጠየቅሁህ?»

ምንትዋብ የፎቶ ኮፒውን ማሽን አጠፋችው። ጋሽ አድማሱ ግን ብዕራቸውን ነከሩና ወደ ሰልፉ «ቀጣይ!» አሉ። እማማ አትጠገብ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ተገፋው ድንበራቸው በእግራቸው ተመለሱ። የዚያን ዕለት የድረ ገጹ መሣሪያ ጋሽ አድማሱን ቢመረምር መቶ በመቶ ማሽን ይላቸው ነበር።

ትምህርቱ ይህ ነው። በር የተዘጋበት ሰው የራሱን በር ያገኘ ቀን መጀመሪያ የሚገዛው ጓጉንቸር ነው። መስፈርት የሚጻፈው የሚችለውን ከማይችለው ለመለየት ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚለየው የገባውን ካልገባው ነው። ደግሞም እያንዳንዳችን አንድ ቦታ ላይ ያለ ምንም መስፈርት አውራ ጣቱን የሰጠን ሰው አለ። እናንተ በተቀመጣችሁበት ጃንጥላ ሥር ያ ሰው ዛሬ ተሰልፎ ቢመጣ፣ ምን ወረቀት ትጠይቁታላችሁ?

አሁን አንድ ልመና አለን። ይህን ታሪክ እባካችሁ ለማንም አትንገሩ፣ ለማንም አታጋሩ። ብትናገሩት መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ጥያቄ «ከዚህ በፊት ተረት የት ተናግረህ ታውቃለህ?» የሚል ነው፤ ለዚያ ደግሞ እኛም መልስ አልነበረንም።