የስንዱ ልክ

አንድ እጁ የተባረከ አናጺ ነበር፤ መንገሻ ይባላል። በከተማው ትልቅ የተባለ ምግብ ቤት ሊከፈት ሲል ባለቤቱ አስጠራውና፣ "ሌላ ቦታ የማይገኝ ሠላሳ ወንበር ሥራልኝ። የተቀመጠበት ሰው መነሳት ያስጠላው" አለው።

መንገሻ ልክ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ሚስቱ ስንዱ ወገቧን ያማት ስለነበር፣ ለእሷ የተመቸ ለማንም ይመቻል ብሎ አሰበ። ከዋንዛ አንድ መሞከሪያ ሠርቶ በየቀኑ ያስቀምጣት ጀመር። "እዚህ ጋ ይቆረቁረኛል" ስትለው ይልጋል። "መደገፊያው ትንሽ ወደ ኋላ ቢልልኝ" ስትለው ያስተካክላል። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ስንዱ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"አሁን ምንም አይቆረቁረኝም" አለች። "መንጌ፣ ይቺ ለእኔ ብትቀርልኝስ?"

"የሌሎቹን ልክ የምወስደው እኮ ከእሷ ነው። ለአንቺ ሌላ እሠራልሻለሁ። ደንበኛው ነው የሚቸኩለው፤ አንቺ የት ትሄጃለሽ?"

ስንዱ መደገፊያ ወደሌላት ዱካዋ ተመልሳ ተቀመጠች። መሞከሪያዋም ሠላሳኛ ሆና ተጫነች።

ወንበሮቹ ስም አወጡለት። ከአንዱ ሆቴል ሃያ፣ ከሌላው ስልሳ ታዘዘ። ስንዱ ሁለተኛ አልጠየቀችውም፤ እሱም ዝም ስላለች የተወችው መሰለው። ክረምቱ ሲገባ ታመመች፤ እንደተኛችም ቀረች።

ተዝካሯ ካለፈ በኋላ መንገሻ ወደዚያ ምግብ ቤት ሄደ። በመስታወቱ ሲያይ አንዲት የማያውቃት ሴት ወንበሩን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሠላሳውም ወንበር በስንዱ ወገብ ልክ ነው። ስንዱ ግን አንዱም አልደረሳትም።

ዘበኛው ጠጋ ብሎ፣ "አባት፣ ቦታ አስይዘዋል?" አለው።

"አላስያዝኩላትም፣ ልጄ" ብሎ ተመለሰ።

ቤቱ ገብቶ ወንበሯን ሠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እጁ ልኩን አልረሳም ነበርና በሦስት ቀን ጨረሳት። ሊጠይቁት የሚመጡ ጎረቤቶች፣ "ምነው ይቺን የመሰለች ወንበር እያለችህ ዱካ ላይ ትቀመጣለህ?" ሲሉት፣ "ለእኔ ወገብ አትሆንም" ይላቸዋል።

ወዳጄ፣ ደንበኛ ይቀየመናል፣ አለቃ ይቆጣናል ብለን እንሮጣለን። የቤታችንን ሰው ግን ስለማይቆጣ ከሁሉም በኋላ እናደርገዋለን። የማይሄድ ይመስለናል፤ ይሄዳል። አንተስ "የት ይሄዳል" ብለህ ያቆየኸው ማንን ነው?