የእንቁራሪቷ ትንፋሽና የአህያው ጆሮ

አንድ ጊዜ፣ በጋው በርትቶ ሣሩ ሁሉ ገለባ ሲሆን፣ የአንድ ሸለቆ አራዊት ወደ ደረቀው ወንዝ ወረዱ። አሸዋውን ጫር ሲያደርጉት ውሃ ይወጣል፣ ዳር ዳሩ ለምለም ነው፣ ጥላውም ለአንበሳ እንኳ ይበቃል። ኑሮው ተስማማቸው። ሚዳቋም እዚያው ወለደችና ገና እግሩ ያልጸና ግልገሏን አሸዋው ላይ አስተኛች።

የወንዝ ኑሮ ግን አንድ ክፉ ነገር አለው። እዚህ ፀሐይ እየጠበሰ ደጋው ላይ ይዘንብና ደራሽ ውሃ ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። ይህን አስቀድማ የምታውቀው ከገደሉ አናት ምንጭ ውስጥ የምትኖር አንዲት አሮጊት እንቁራሪት ነበረች፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆዳዋ ይነግራታል። ችግሩ ድምፅ የላትም። እርጅና ጉሮሮዋን ጨርሶት የቀራት ትንፋሽ ብቻ ነው። ስለዚህ አንበሳ አራዊቱን ሰብስቦ፣ የእሷን ቃል ተቀብሎ ወንዙ ድረስ የሚያሰማ አዋጅ ነጋሪ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው።

ጅብ ቀድሞ ተነሣ። መልእክተኛ መስተንግዶ እንዳለው ጠየቀ፤ አለው ሲሉት እየሮጠ ሄደ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንዲሉ፣ ምንጩ ጋ እንደደረሰ የሚቀመጥበት ለስላሳ ነገር ፈለገ። እንቁራሪቷ የምትተኛበትን ቅጠል ለቀቀችለት። ከዚያ ምሳ አማረውና ለክፉ ቀን ያኖረቻቸውን ትሎች ጠራርጎ በላ። ጠማኝ ብሎም ምንጩን አጋመሰው። ሆዱ ሲሞላ ጆሮው ተደፈነ፤ ደግመሽ ንገሪኝ፣ አሁንም ደግመሽ እያለ ያችን ያለቻትን ትንፋሽ አስጨረሳት። በመጨረሻ «ውጡ» ልትል ከአፏ የወጣው «...ጡ» ብቻ ነበር። ጅብም ወንዝ ወርዶ «ጡ ብላለች» ሲል አዋጁን ነገረ። አራዊቱ እየሳቁ ሳሉ ውሃው ደረሰ። ደግነቱ ትንሽ ጎርፍ ስለነበረ የከርከሮን ቤት ብቻ ይዞ ሄደ። ከርከሮ አልሳቀም።

ቀጥላ የተላከችው ቀበሮ ናት። እውነቱን እንናገር፣ ስትሰማ ጥፋት የለባትም። ከምንጩ ራቅ ብላ ተቀመጠች፣ አንዲት ትል አልነካችም፣ ቃሉንም ሳታጎድል ይዛ ወረደች። ነገሩ የተበላሸው ወንዙ ዳር ነው። አንበሳ ከጥላው ቀና ብሎ ሲገላምጣት ጎርፉ ካፊያ ሆነ። ጎሽ ኮስተር ሲልባት ካፊያው ወደ ጤዛ ወረደ። ዝንጀሮዎች ተንጋግተው ሲጠይቋት ጤዛውም ቀረና፣ ቀኑ ደኅና ስለሆነ እንዲተኙ መከረቻቸው። ለአንድ ጆሮ ብትናገር ይሆንላት ነበር፤ ብዙ ጆሮ ሲጫናት ግን ቃሏ ሟሟ።

ያን ዕለት ጎርፉ ሲደርስ ሚዳቋ ግልገሏን በግንባሯ እየገፋች ከውሃው ያወጣችው በጭንቅ ነው። በማግስቱ አንበሳ ፊት ቆማ አለቀሰች።

«ጌታዬ፣ ከወንዙ ርቄ ብቀመጥ በጥም ይሞትብኛል። እዚህ ስቀመጥ ደግሞ እኔ እሮጣለሁ፣ እሱ ግን አይችልም። ቀድሞ የሚነግረኝ ካጣሁ ልጅ የለኝም ማለት ነው» አለች።

ከአህያ በቀር ፈቃደኛ አልተገኘም። አራዊቱ ተሳሳቁ። አህያ የራሱ የሚባል ሐሳብ ኖሮት አያውቅም፤ የሚኮራውም በድምፁና በጆሮው ብቻ ነው። ጅብ ከንፈሩን እየላሰ ልሸኘው ቢልም አንበሳ ገላምጦ አስቀመጠው።

አህያ ሣሩን ከቤቱ ጠግቦ፣ ስንቁንም ጭኖ ወጣና ከምንጩ በታች ካለ ጉብታ ላይ ቆመ። እንቁራሪቷ የጅብን ነገር አልረሳችምና የሚበላ እንደሌላት ቀድማ ነገረችው።

«ምንም አልፈልግም እማማ፣ ስንቄን ይዣለሁ» አላት። «እርስዎ ይተንፍሱ፣ ጆሮዬ ይደርስበታል።»

ምንም ሳይወስድባት የሚሰማት በማግኘቷ አሮጊቷ ደስ አላት።

ብዙም ሳይቆይ ቆዳዋ ነገራት። ከፊተኞቹ ሁሉ የከፋ ነበር። «ጎርፍ መጣ፤ ከወንዙ ውጡ» ስትል የወጣው ትንፋሽ ቅጠል እንኳ አያነቃንቅም። አህያ አንዱን ጆሮ ወደ እሷ፣ ሌላውን ወደ ገዛ አፉ አዙሮ አናፋ። ድምፁን መስማት ስለሚወድ መጀመሪያ ጨማመረበትና ጎርፉ ላይ ሰማይም ተደረመሰ አለበት። ግን ሁለቱ ጆሮዎቹ አልተስማሙም፤ በአንዱ የገባው ቃል ሰማይ የለበትም። ወዲያው ሰማዩን አውጥቶ ጣለና የእሷን ብቻ አስተጋባ። አሁን ጆሮዎቹ ተስማሙ።

ጎሽ ከታች ሆኖ ጠየቀው፤ ያንኑ መለሰለት። ዝንጀሮዎች ተንጫጩበት፤ ያንኑ መለሰላቸው። አንበሳም ጥላውን መልቀቅ ስላልፈለገ፣ ትንሽ ውሃ ማለትህ ነው ብሎ አገሳበት። አህያ መፍራቱን ፈርቷል። ጆሮው ውስጥ ግን ትንሽ የሚባል ነገር አልገባም።

«ጎርፍ መጣ፤ ከወንዙ ውጡ» አለ፣ በዚያው ድምፅ።

ሚዳቋ ምንም አልጠየቀችም። ግልገሏን አስነሥታ ዳገቱን ተያያዘችው። ሌሎቹ እሷን አይተው ተከተሉ፤ ጅብ ከላይ ድግስ ያለ መስሎት ከሁሉም ቀደመ። አንበሳም እያጉረመረመ ወጣ። የመጨረሻው እንስሳ ከአሸዋው እግሩን ሲያነሣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ አንበሳ የሚጠለልበትን ዛፍም ነቅሎ ወሰደው። ግልገሉ ዳገቱ ላይ ቆሞ የእናቱን ጡት ይጠባ ነበር።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ አንበሳ ሊያመሰግን ወደ ምንጩ ወጣ። አገር ያንቀጠቀጠችው እንቁራሪት ግዙፍ መስላው ነበር። ድንጋዩ ሥር ያገኛት ግን ከጥፍሩ ብዙም አትበልጥም። ጆሮውን መሬት አስነክቶ ቢያዳምጥ ምንም አልሰማም።

«ያ ሁሉ ጩኸት የዚች ነው?» ሲል አህያን ጠየቀው።

«ጩኸቱስ የእኔ ነው ጌታዬ፣ በራሴ ሣር የጮኽኩት» አለ አህያ። «ነገሩ ግን የእሷ ነው።»

ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ የሚሠሩ ሰዎች ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር የሚሏት፣ ደካማ ድምፅ የምታጎላ ትንሽ ዕቃ አለቻቸው። ኢምፔዳንስ የሚሉት፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው ተቃውሞ መግቢያዋ ላይ እጅግ ብዙ ስለሆነ ከደካማው የድምፅ ምንጭ ምንም አትወስድም ማለት ይቻላል፤ መውጫዋ ላይ ደግሞ በጣም ጥቂት ስለሆነ ጭነት ቢበዛባትም ድምፅዋ አይወርድም። ጉልበቷን ከባትሪ ታመጣለች፣ የወጣውንም ከገባው ጋር ታስተያያለች። ከአህያ ትወለዳለች ብንላቸው ይቀየሙን ይሆናል፤ ዝምድናው ግን ለእኛ ይታየናል።

ከዚህ የምንማረው የደካማን ቃል ላደርስ የሚል ሁሉ ከተናጋሪው ምንም ሳይወስድ መስማት፣ በሰሚዎቹም ብዛትና ቁጣ ቃሉን ሳያጎድል መናገር እንዳለበት ነው።