የመዛኞቹ መብራት

አንድ የፊልም ትምህርት ቤት ነበር፤ ጉም ከማይጠፋበት ሐይቅ ዳር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ ይነሣና በመስኮት ይገባል። ተማሪዎቹ ካሜራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲያልፉ እግራቸው አይታይም። የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። በዚያ አገር ሰው ያለመውንና የዋለበትን አንዳንዴ ያምታታል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ።

ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ሽማግሌ አንድ ሥርዓት ትተው አለፉ። ተማሪ ሊመረቅ ሲል አንድ ፊልም ይሠራል። ፊልሙ ውስጥ የታየው ሰው በምዘናው ቀን ይጠራል። ከመዛኞቹ ጎን ይቀመጣል፣ ራሱን ያያል። ከዚያ «ተበድለሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። «አልተበደልኩም» ካላለ የተማሪው ውጤት ማኅተም አያርፍበትም።

ዘመን አለፈ። አዲስ ርዕሰ መምህር መጡ። ደግ ሰው ናቸው። ጭንቀታቸው አንድ ነበር።

«ተማሪው ማወቁን በምን እናውቃለን?» ይሉ ነበር።

ጭንቀታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። መምህራኑ ድሮ ነጥብ የሚሰጡት እንደ ልባቸው ነው። የወደዱትን ያነሣሉ፣ ያልወደዱትን ይጥላሉ። ርዕሰ መምህሩ ይህ ግፍ ነው አሉ። ሠላሳ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አዘጋጁ። ብርሃን ያውቃል ወይ? ድምፅ ያውቃል ወይ? ምስል ከምስል ማያያዝ ያውቃል ወይ? መምህራኑ ፊልሙ እየታየ ከሥር ከሥሩ ምልክት ያደርጋሉ፤ ምንም እንዳያመልጥ። ከሠላሳው ግማሹን ያላገኘ ይሰናበታል። ተመልሶ አይገባም።

ታዲያ አዳራሹ ጨለማ ነው። በጨለማ አይጻፍም። ስለዚህ መዛኞቹ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ትንንሽ መብራት ተተከለ፤ ለብርሃን፣ ለድምፅና ለቅንብር መምህራን አንድ አንድ። የመሥራቹ ሥርዓትም አልተሻረም። ከሠላሳው ጥያቄ በታች፣ ወረቀቱ ግርጌ፣ ሠላሳ አንደኛ መስመር ሆነ።

በዚያ ትምህርት ቤት አትጠገብ የምትባል ተማሪ ነበረች። እናት አባቷን አታውቅም። ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ ጥጥ ፈታይ። እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸው ታሟል። ያያሉ፤ ብርሃን ግን አይችሉም። እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ድንግዝግዙ ውስጥ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ከቤት የሚወጡት ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ ያውም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው።

አትጠገብ መመረቂያ ፊልሟን የሠራችው ስለ እሳቸው ነው።

የምዘናው ቀን ደረሰ። ቀትር አልፏል። አዳራሹ መስኮቶች ላይ ጥቁር መጋረጃ ወረደ። እትዬ ደብሪቱ አልደረሱም፤ ፀሐይዋ ገና ናት። ፊልሙ ግን ጀመረ። ሦስቱ መብራቶችም በሩ።

ሸራው ላይ የታየው ጥቁር ነው። ከጥቁሩ መሐል አንዲት ጣት የምታህል ብርሃን አለች። ሌላ ምንም።

«ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» አለ የብርሃን መምህሩ።

«ኧረ ደህና ነው» አለ ፊልም አሳዪው ከኋላ።

«ታዲያ ምንድን ነው የማየው? የከሰል ጆንያ?»

የድምፅ መምህሯ ሳቀች። «ተው እንጂ፣ ድምፁን ስማው። እንዝርት ነው። ሲሽከረከር ይሰማል።»

«እኔ ለማየት ነው የመጣሁት፣ እመቤት። ለመስማት ቢሆን ቤቴ ሬዲዮ አለኝ።»

ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ቀና አለ። አሁንም ጥቁር ነው። እንደገና ጎንበስ ብሎ ጻፈ። መጨረሻው ላይ ያቺ ጣት የምታህል ብርሃን ድንገት ጠፋች።

«ይኸው» አለ የቅንብር መምህሩ። «አንድ ሰው ካሜራው ፊት ቆመ። የራሷ ጥላ ነው።»

«የጀማሪ ስሕተት» አለ የብርሃን መምህሩ። «ጥላዋን አስገብታለች» ብሎም በጥፋት ረድፍ ጻፈ።

የሌሎቹ ተማሪዎች ፊልም እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሁሉም ሦስት ሦስት መብራት ተክለው ነው የሚቀርጹት። ያ በመዛኞቹ መብራትም መሐል ይታያል። ስለዚህ የጠረጴዛውን መብራት የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ አትጠገብን አስጠሩ።

«ልጄ፣ ዕቃ ቤት ሦስት መብራት ነበረልሽ። ለምን አልወሰድሽም?»

አትጠገብ መሬት መሬት አየች። አክስቷ በልጅነቷ የነገሯት ነገር አለ። የሰው ሕመም በሰው ፊት አይነገርም፤ ባለቤቱ ይናገረዋል።

«ቤቱ እንደዚያ ነው፣ መምህር» አለች።

«ስለ ቤቱ አልጠየቅኩሽም። ስለ መብራቱ ነው።»

የቀሚሷን ጫፍ ያዘች።

ነጥቡ ተደመረ። ከሠላሳው አሥራ አንድ። በብርሃን ረድፍ ሁሉ አንድ ነጥብ የለም። በመጀመሪያው ጥያቄ ፊት የብርሃን መምህሩ «አታውቅም» ብሎ ጽፏል።

«ወረቀቱ አያዳላም፣ ልጄ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። አዝነው ነው ያሉት።

«አዎ፣ አያዳላም» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም። ጣቶቿ ግን የቀሚሷን ጫፍ ይዘው አልለቀቁም። አራት ዓመት ከዚያ ጉም ጋር ኖራለች። ነገ የምትሄድበት አልታያትም።

ማኅተሙ ቀረበ። ሠላሳ አንደኛው መስመር ባዶ ነው።

«ለሥርዓቱ ያህል ነው» አለ የብርሃን መምህሩ። «አክስቷ ባይመጡስ?»

«ሥርዓት ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ተቀመጡ። ጠበቁ። ጉሙ ከሐይቁ ተነሣ፣ በደጅ በኩል ገባ፣ በወንበሮቹ እግር ዙሪያ ተኛ።

ፀሐይዋ ስትበርድ እትዬ ደብሪቱ መጡ። አትጠገብ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

«ዘገየሁባችሁ» አሉ። «እኔ አይደለሁም፤ ያቺ ናት። እስክትገባ ጠብቄ ነው የወጣሁት።» ፀሐይዋን ማለታቸው ነው።

«ይቀመጡ፣ እማማ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «አናደክምዎትም። አልተበደልኩም ይበሉንና እንሸኝዎታለን።»

«ምኑን አይቼ?»

«ፊልሙ ታይቷል እኮ።»

«ለእናንተ ነዋ የታየው። ያልቀመስኩትን ወጥ ጨው አልጎደለውም ልበል?»

የድምፅ መምህሯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። የብርሃን መምህሩ ሰዓቱን አየ። ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው። ፊልሙ እንደገና ተጀመረ። ሦስቱ መብራቶች እንደ ልማዳቸው በሩ።

እትዬ ደብሪቱ ከጠረጴዛው ጎን ነው የተቀመጡት። ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። ነጠላቸውን ሳቡ። በነጠላው ሥር እንባቸው ወረደ።

«ልጄ» አሉ የብርሃን መምህሩን። «ይህን ነገር አጥፋልኝ። ዓይኔን ወጋኝ።»

«ለመጻፍ ነው፣ እማማ።»

«ጽፈህ አልጨረስክም?»

ጨርሷል።  ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልምና መብራቱን አጠፋ። የቀሩት ሁለቱም አጠፉ።

መጀመሪያ ጨለማው ጨለማ ብቻ ነበር። ቆየት ሲል፣ ጉም እንደሚገፈፍ፣ ሸራው ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ክፍል ታየ። ግድግዳው እንደ አመድ ለስላሳ ነው። አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጥጡ በእጇ ላይ ትንሽ ደመና ይመስላል። ከደመናው ክር ይወርዳል፤ እንዝርቱ ከሥር ይዞራል። ፊቷ ከጨለማው ጋር ይኖራል እንጂ አይደበቅም። እያንዳንዱ የፊቷ መስመር ይታያል። በበሩ ስንጥቅ አንዲት ጣት የምታህል ፀሐይ ትገባለች። ወለሉ ላይ ትተኛለች። ከዚያ ትሄዳለች፤ ዓይን በማያየው አካሄድ። ሴትየዋ እግር ጋ ስትደርስ ሴትየዋ በርጩማዋን ወደ ኋላ ትስባለች። ትፈትላለች። ፀሐይዋ ትከተላታለች። እንደገና ትስባለች። እንደገና ትከተላታለች። ሦስተኛ ጊዜ ጀርባዋ ግድግዳውን ነካ። ከዚህ ወዲያ መሸሻ የለም። ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ ወጣች፣ ደረቷ ላይ ወጣች። ሴትየዋ እንዝርቱን አስቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ድምፁም ቆመ።

በዚህ ጊዜ አንድ ጥላ በግድግዳው ላይ ተነሣ። ቀጭን የልጅ ጥላ ነው። በሴትየዋና በበሩ መሐል ገብቶ ቆመ። ፀሐይዋ ጠፋች። ሴትየዋ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች፣ ጥላውን አየች፣ እንዝርቷን አነሣች። ድምፁ እንደገና ጀመረ። ጥላው አልተነቃነቀም።

ፊልሙ አለቀ። መብራት ያበራ የለም።

ርዕሰ መምህሩ በጨለማው ውስጥ ጠየቁ። «እማማ፣ ተበድለዋል ወይ?»

«በልጄ አልተበደልኩም» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «መቅረጫዋን ይዛ የሰነበተች ጊዜ መብራት አላመጣችብኝም። ቤቴ ውስጥ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት እዚህ ነው።»

 ከዚያ የብርሃን መምህሩ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«አትጠገብ።»

«አቤት።»

«ያ ጥላ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ካሜራውን ትተሽ ተነሣሽ?»

«አዎ። ፀሐይዋ ደረሰችባቸው።»

«ስሕተት መሆኑን አታውቂም?»

«አውቃለሁ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ደረሰችባቸው።»

የብርሃን መምህሩ እርሳሱን በዳበሳ አገኘው። ወረቀቱን ሳበ። ወረቀቱ አይታይም። እጁን ወደ መብራቱ ሰደደ። ከዚያ አጠገቡ የተቀመጡትን ሴት አስታወሰና እጁን መለሰ።

«ነገ እጽፋለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ በመስኮት ሲገባ፣ የብርሃን መምህሩ ለብቻው ተቀምጦ «አታውቅም» የሚለውን ሰረዘ። በምትኩ እንዲህ ጻፈ፦ «ታውቃለች። መቼ እንደሚጠፋም ታውቃለች።» በወረቀቱ ላይ ወደ ታች ወረደና የብርሃኑን ረድፍ ሁሉ ያየውን እያስታወሰ ሞላው። «ጥላዋን አስገብታለች» የሚለውን ግን አልሰረዘውም። ከጥፋት ረድፍ አውጥቶ ከዕውቀት ረድፍ አስገባው።

ነጥቡ ከግማሽ በላይ ሆነ። ማኅተሙ አረፈ።

ርዕሰ መምህሩ ሠላሳውን ጥያቄ አልጣሉትም። ወረቀቱ የሚታደልበትን ሰዓት ነው የለወጡት። ፊልሙ በጨለማ ይታያል፤ ወረቀቱ በማግስቱ ይታደላል። ሌሊቱን ከሰው ጋር ያደረው ነገር ያን ጊዜ ይመዘናል። ሠላሳ አንደኛው መስመርም ከግርጌ ተነሥቶ አንደኛ ሆነ። ሦስቱ የጠረጴዛ መብራቶች ዕቃ ቤት ገቡ። እዚያ አቧራ ለብሰው አሉ ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ጉሙ ነው የወሰዳቸው ይላል።

ወዳጄ፣ መመዘን ክፉ አይደለም። ሚዛን በሌለበት ግፍ ይበዛል። ግን ቅርብ የበራ መብራት ሩቁን ይጋርዳል። ለመጻፍ ያበራነው ብርሃን የምንጽፍለትን ሰው ያጠፋዋል፤ እኛም «ጨለማ ነው» ብለን እንፈርምበታለን። ዕውቀት ያለው ሰው መብራት ማብራት ይችላል። የበሰለው ግን መጀመሪያ «ማንን ይወጋል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሲያስፈልግም ተነሥቶ በራሱ ጥላ ይከልላል።

አንተስ? ልጅህን፣ ተማሪህን፣ ጎረቤትህን ስትመዝን ጠረጴዛህ ላይ የበራ ነገር አለ? ካለ አጥፋውና ጥቂት ጠብቅ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ አትጻፍ።