ዘጠና ምን?

አንድ ለመፈረም የቸኮለ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ዳምጠው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለውም ለሰው አዝኖ ነው። የከተማዋ አትክልት ሻጮች ሦስት ክረምት ሙሉ ጭቃ ላይ ተቀምጠው ሲሸጡ አይቷል። አሁን ለገበያ አዳራሽ የሚሆን ሰፊና ደልዳላ ቦታ ተገኝቶላቸዋል። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል።

እንዲህ ያለ መስመር ማንም ሽቦውን ባይነካውም በዙሪያው ባለው አየር ላይ ኃይሉን ይዘረጋል። መሐንዲሶች ይህን የኤሌክትሪክ መስክ ይሉታል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሰው በሚውልበት ቦታ የመስኩ ጥንካሬ ከአምስት ሺህ እንዳይበልጥ ያዛል። ዳምጠው ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። የራሱ መለኪያ መሣሪያ ተበላሽቶበት ስለነበር ከሌላ መሥሪያ ቤት አንድ አሮጌ ተውሶ ከሽቦው ሥር ቆመና ለካ። መርፌው ዘጠና ላይ ቆመ።

«ዘጠና ብቻ!» አለ ደስ ብሎት። እዚያው የሻጮቹን ተወካይ ወይዘሮ ማንያህልሻልን «ቦታው የእናንተ ነው» ብሎ አበሰራቸው። ሴትዮዋ እልልታቸውን አቀለጡት።

የቀረው የወይዘሮ ትብለጥ ፊርማ ነበር። ወይዘሮ ትብለጥ የልኬት መዝገብ ከያዙ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አንድ የማይለቃቸው ልማድ አለ፤ ምንጊዜም መለኪያውን ከቁጥሩ አስቀድመው ይጽፋሉ። «በሜትር፣ ቮልት» ብለው ይጽፉና ቁጥሩን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ባልደረቦቻቸው «እትዬ ትብለጥ ዕድሜያቸውን ቢጠየቁ ‹በዓመት ነው በወር?› ይላሉ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

«ዘጠና ምን?» አሉ፣ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ።

«ቮልት ነዋ፣ እትዬ።»

«በምን?»

ዳምጠው ሳቁ መጣ። «ዘጠናን ከአምስት ሺህ ጋር እኮ ነው የምናወዳድረው! ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»

«እነሱ ስለሚጠብቁ ነው የምጠይቅዎ። እስቲ መሣሪያውን ይገልብጡት።»

ገለበጠው። ከጀርባው በደበዘዘ ጽሑፍ «ቮልት በሴንቲ ሜትር» ይላል። ደንቡን አውጥቶ አየ። እዚያ ያለው ደግሞ «ቮልት በሜትር» ነው። ወይዘሮ ትብለጥ እስክሪብቶና ወረቀት ገፋ አደረጉለት።

«በእጅዎ ይሥሩት» አሉት። «እርማቱ የእርስዎ ይሁን።»

አንድ ሜትር መቶ ሴንቲ ሜትር ነው። በእያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ዘጠና ቮልት ካለ፣ በሜትር ዘጠና ጊዜ መቶ ይሆናል። ዘጠኝ ሺህ! የወሰኑ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ዳምጠው ሊሠራ በታሰበው አዳራሽ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የብረት ምሰሶ ተደግፈው ሊውሉ የነበሩትን ሴቶች አሰበ።

«አሁን ምን ብዬ ነው የምመለሰው? እልል ብለው እኮ ነው የሸኙኝ።»

«እውነቱን ብለው ነዋ። አብሬዎ እሄዳለሁ።»

ሻጮቹ ጭቃው ላይ ወደሚሸጡበት፣ ከሽቦው ብዙ ወደማይርቀው ገበያ ሄዱ። ዳምጠው አንገቱን ደፍቶ መሳሳቱን ተናገረ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ግን በቀላሉ የሚበርዱ ሴት አልነበሩም።

«ጠዋት ዘጠና፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሺህ! ሽቦው ምሳ በልቶ አደገ እንዴ? ቦታችንን ለማን ልትሰጡብን ነው?»

ወይዘሮ ትብለጥ ግን ፊት ለፊታቸው ወደተዘረጋው ሽንኩርት አዩና «ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዘጠና።»

«ዘጠና ብር ኩንታሉ?»

«አብደዋል እንዴ እትዬ? ኪሎው ነው እንጂ! ኩንታሉማ ዘጠኝ ሺህ...» ብለው ጀመሩና ወደ ሽቦው ቀና ብለው አዩ። ከዚያም ወደ ዳምጠው ዞሩ። «ለካ የኪሎውን ነው ጠዋት የነገርከን።»

«አዎ» አሉ ወይዘሮ ትብለጥ በለሰለሰ ድምፅ። «ደንቡ የሚጠይቀው ደግሞ የኩንታሉን ነው።»

ዳምጠው ሁለቱን ሴቶች እያየ በልቡ ተደነቀ። እሱ በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የተማረውን አንዷ በልማዷ ጠብቃዋለች፤ ሌላዋ በሽንኩርቷ በአንድ ትንፋሽ ደርሳበታለች። ወይዘሮ ትብለጥ በሰው ፊት ሊያዋርዱት ሲችሉ ከጎኑ መቆማቸው ከሁሉ ይበልጥ ልቡን ነካው።

ከመስመሩ ራቅ ያለ ሌላ ቦታ እስኪገኝ ሻጮቹ አንድ ወር ተጨማሪ ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ዳምጠው ያንኑ አሮጌ መሣሪያ ይዞ ሄዶ አዲሱን ቦታ ለካ። መርፌው ስምንት ላይ ቆመ።

«ስምንት!» አለ።

ወይዘሮ ማንያህልሻል እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ስምንት ምን?» አሉት።

ዳምጠው ከት ብሎ ሳቀ። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና አስቀድሞ «በሜትር፣ ቮልት» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ «ስምንት መቶ» አለ። ያን ጊዜ እልልታው እንደገና ቀለጠ።

ወዳጆቼ፣ ዳምጠው ውሸት አልተናገረም። ዘጠናው እውነት ነበር፤ አምስት ሺሁም እውነት ነበር። ሁለቱን እውነቶች ወደ አንድ መለኪያ ሳያመጣ ማወዳደሩ ግን ሰው ሊጎዳ ምንም አልቀረውም። እኛም «ትንሽ ነው»፣ «ብዙ ነው»፣ «ከእገሌ እበልጣለሁ» ስንል በምን ለክተን እንደሆነ እንጠይቅ። በየሥራ ቦታችንም «በምን?» እያለ የሚያዘገየን አንድ ሰው አይጠፋም። ያንን ሰው ስንቀልድበት ነው የምንውለው ወይስ ስናመሰግነው?